ሲሪንቃ ስደርስ ሞተር አጠፋ ነበር

ወልድያ ተይዛ ከተለቀቀች በኋላ፣ በዚያው በጋ፣ ከወልድያ መርሳ እየተመላለስኩ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ትምህርት ቤቱ ተዘርፎ ስለነበር ቤተ ሙከራው ውስጥ የቀረን ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ብቻ ነው። አሲድ ምን እንደሚሠራ በእጄ እያሳየሁ በቃሌ እነግራቸዋለሁ፤ ተማሪዎቹም ያዩት ይመስል አምነውኝ ይጽፋሉ።

መርሳ ቤት ተከራይቼ መኖር እችል ነበር። ግን እናቴ ወልድያ ናት፤ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ግራ እጇና ግራ እግሯ አይታዘዙላትም። ቀን ቀን ጎረቤታችን ገባ ወጣ እያለች ታያታለች፤ ማታ ግን የኔ ናት። አብረን መርሳ እንውረድ ብላት «መሞቴ ላይቀር ቆላ ወርጄ አልሞትም» አለችኝ። ስለዚህ መመላለስ ነበረብኝ።

ድሮ ይህ ችግር አልነበረም። መናኸሪያ ስትደርስ ረዳቶቹ ቦርሳህን እየነጠቁ ነው የሚያሳፍሩህ። በዚያ በጋ ግን ግማሾቹ ሚኒባሶች ተወስደዋል፣ ግማሾቹ ጎማቸው ተፈትቶ በድንጋይ ላይ ቆመዋል፣ የቀሩትም ነዳጅ ባገኙ ቀን ብቻ ነው የሚሠሩት። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሬ ቆሜ ሦስት ሰዓት ላይ የምሳፈርበት ቀን ብዙ ነው። የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቼ እኔን መጠበቅ ትተው እግር ኳስ መጫወት ጀመሩ።

ሞተር ልግዛ የሚለው ሐሳብ እዚያ መናኸሪያ ውስጥ ነው የመጣልኝ። መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ደሴ ስማር ከጓደኞቼ ጋር ተወራርጄ ያወጣሁት ነው። ለሰው ሁሉ የምናገረው ምክንያት ሥራዬ ነበር፤ እውነትም ነው። ግን ሌላም ነበረበት። ለወራት ቤት ዘግተን፣ ድምፅ ቀንሰን፣ መስኮት ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን ኖረን ስንወጣ፣ ውስጤ የታሰረ ነገር መሮጥ ይፈልግ ነበር። ነፋስ ፊቴን እንዲመታኝ እፈልግ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ልጁን ቀብሮ ገና ከሐዘን ሳይነሳ፣ እኔ ደስ የሚል ሞተር እያሰብኩ መሆኔ ያሳፍረኝ ነበር።

የትምህርት ቤታችን የንብረት ክፍል ሠራተኛ ስድሳ ዓመት የተጠጉ የመርሳ ሰው ናቸው። ሙስሊም ናቸው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አያ ብሎ ነው የሚጠራቸው። ሃያ ዓመት ሞተር ነድተዋል። የሳቸውን ሞተር ታጣቂዎች ከግቢያቸው አስነስተው ሄዱበት። ሲያወሩት ግን ከመወሰዱ ይበልጥ አነዳዱ ነው የሚያንገበግባቸው። «ሳያሞቁ አስነሱት፤ በሁለተኛ ማርሽ» ይሉና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ከዚያ ወዲህ በእግራቸው ነበር የሚመጡት። ሞተር የሚያውቅ ሰው ስፈልግ ወደሳቸው ሄድኩ።

«አያ፣ ሞተር ልገዛ ነው። አብረውኝ ይዩልኝ።»

«ለምንሽ ነው?»

«ለመመላለሻ።»

«ለመመላለሻ ከሆነ በቅሎ ይሻልሻል። ቤንዚን አትጠጣም።» የያዙትን መዝገብ ዘጉና አዩኝ። «ለመመላለሻ ብቻ ነው?»

«ደስ እንዲለኝም እፈልጋለሁ» አልኳቸው፤ ጥፋት እንደሚናዘዝ ሰው ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ታዲያ ምን ያሳፍራል? ደስ የማይልሽን ሞተር አታጥቢውም፣ ዘይቱን አታዪለትም፣ ሰንሰለቱን አትቀቢውም። ዓመት ሳይሞላው ቆሞ ይቀራል። የሚያገለግልሽ ደስ የሚልሽ ነው። ቅዳሜ እንሂድ፣ ኢንሻአላህ።»

መጀመሪያ የሄድነው ሐራ ነው፤ የገበያ ቀን ነበር። አንድ የከብት ነጋዴ ረጅም የመስክ ሞተር ነበረው፤ ጎማው ጥርሳም፣ ጭቃ የማይፈራ። አያ ሞተሩን አስነሱ፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እንደ ሐኪም አዳመጡና «ጤነኛ ነው» አሉ። እኔ ወጣሁበት። የእግሬ ጣቶች እንጂ ተረከዜ መሬት አይነካም። ገና ሳልንቀሳቀስ፣ ቆሞ እንዳለ፣ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ተዘነበለ፤ እኔም አብሬው ተዘነበልኩ። ገበያተኛው ሁሉ እያየ ወደቅን። ነጋዴው አንስቶኝ አቧራዬን እያራገፈልኝ «እህቴ፣ ከወሰድሽው በርጩማ እጨምርልሻለሁ» አለኝ። ከተያዝንበት ጊዜ ወዲህ እንደዚያ ቀን ሰው ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም። አልተቀየምኩም።

ሁለተኛው እዚያው ወልድያ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ነበር። ትንሽ፣ መካከሉ ዝቅ ያለ፣ በቀሚስ እንኳ የሚወጡበት ሞተር። ቤንዚን አይጨርስም፤ ድምፁ ጎረቤት አይቀሰቅስም። በወረቀት ላይ ብጽፈው ለኔ የሚሆነው እሱ ነው። አያን ከኋላዬ ጭኜ የከተማውን ዳገት ስጀምር ግን ማቃሰት ጀመረ። ወደ መሀል ስንደርስ ማዳበሪያ የተጫነች አህያ በጎናችን ቀደመችን። አያ ወረዱና በእግራቸው ጎኔ ጎኔን መራመድ ጀመሩ።

«ደግ ናት፤ ግን የሜዳ ናት» አሉኝ ከላይ ስንደርስ።

እኔ ደግሞ ዳገቱን ትቼ ሌላ ነገር አስብ ነበር። የልብስ ስፌት መኪና ላይ የተቀመጥኩ ነው የመሰለኝ። ደስታ የሚባል ነገር አልነበረውም። ይህን ስላቸው «እሱን ልልሽ ነበር፤ አንቺው በይው ብዬ ነው» አሉ።

ሦስተኛውን ያገኘነው ሲሪንቃ ነው። ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከእርሻ ምርምር ማዕከሉ አለፍ ብሎ ያለ ቤት ነው። የቤቱ ጌታ ገበሬ ናቸው። ከአያ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ ቆዩ፤ የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ የአዝመራውን ሁሉ ተጠያየቁ። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ወስደውን የማሽላ አገዳ ክምር ጎን ቆሙና አገዳውን በእጃቸው ማንሳት ጀመሩ። ከሥር ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ሥር ቀይ ሞተር ወጣ። በጣም ረጅም አይደለም፤ በጣም አጭርም አይደለም። መሪው ላይ አረንጓዴና ቢጫ ክር ተጠምጥሞበታል።

«የልጄ ነው» አሉ።

አግዳሚው ላይ ተቀምጠን የነገሩን አጭር ነው። ልጃቸው በዚህ ሞተር ከሲሪንቃ መርሳ ዕቃ እያደረሰ ይኖር ነበር። ውጊያው በቀረበበት ሰሞን ውርጌሳ ያገባች እህቱን ላምጣ ብሎ ተነሳ። ያኔ ሞተር የያዘ ወጣት ሁሉ ይጠረጠር ነበርና ሞተሩን አገዳ ውስጥ ደብቆ በእግሩ ሄደ። እህትየው በሌላ መንገድ በሰላም ደረሰች። እሱ አልተመለሰም። ከወር በኋላ መንገድ ዳር ያገኙት ሰዎች እንደቀበሩት ሰሙ።

«ሞተሩን አተረፈ» አሉ አባትየው። አያም «አላህ ይዘንለት» ብለው አቀረቀሩ።

እኔ በዚህ መሀል ተነስቼ ሞተሩን መሞከር ነውር መሰለኝ። ግን አባትየው ራሳቸው ቁልፉን ሰጡኝ። «የመጣችሁበት ነው፤ ንጂው» አሉ። አያ ካንዴላውን ነቅለው ጠርገው መለሱት፤ በሦስተኛው ምት ተነሳ። እግሬ መሬት ይነካል። ፍሪሲዮኑን ለቅቄ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ፤ እስከ እርሻ ምርምሩ አጥር ነዳሁና ዞሬ ተመለስኩ። ቀላል ነው፤ ኩርባ ላይ ገና ሳስበው ይታጠፍልኛል፤ ዳገቱን ሳይለምነኝ ወጣ። ነፋሱ ነጠላዬን ከትከሻዬ ገፈፈው። ሳላውቀው ድምፄን አውጥቼ እየሳቅኩ ነበር።

ግቢው ስደርስ የልጁ እናት በር ላይ ቆመዋል። ሳቄ ፊቴ ላይ ደረቀ።

ሴትዮዋ ሞተሩን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ዓይናቸው ቁጣ የለበትም። «ሴት ናት ለካ» አሉ ለባላቸው። ከዚያ ወደኔ ቀረቡ።

«ልጄ፣ ውሰጂው። ቆሞ ከሚዝግ ሰው ይጠቀምበት። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። አሁን ድምጡን ስሰማ እግሬ በሩን ልከፍት ተነሳ። አእምሮዬ ያውቃል፤ እግሬ ግን አያውቅም። በደጄ ስታልፊ ድምጡን አታሰሚኝ።»

«እሺ፣ እማማ» አልኳቸው። ምን እንደማለት እንደሆነ ሳላስብ።

ስም ማዞሪያው ቢሮ በዚያ ወቅት ገና አልተከፈተም ነበርና በሁለት ሽማግሎች ፊት ውል ተጻጽፈን ወሰድኩት። ወደ መርሳ ስንወርድ፣ መንደሩን ካለፍን በኋላ፣ አያ ከኋላዬ ሆነው «ቃልሽን አስበሽበታል?» አሉኝ። «ቤታቸው መንገዱ ላይ ነው። ሌላ መንገድ የለሽም። በቀን ሁለቴ ልታልፊ ነው።»

እናቴ ሞተሩን ከጎማ እስከ መሪ ስታይ ቆየች። «እግርሽን አንፈራጠሽ በመርሳ መንገድ?» አለች በመጨረሻ። «ሱሪ ለብሼ ነው» ብላት «እሱማ ባሰ» አለች።

ጠዋት ጠዋት ቀላል ነበር፤ ወደ መርሳ መንገዱ ቁልቁል ነው። ቤታቸው ከመድረሴ በፊት ሞተሩን አጥፍቼ፣ በፍሬን እየያዝኩ፣ እንደ ብስክሌት ተንሸራትቼ አልፋለሁ። ታች ወንዙ ጋ ስደርስ አስነሳለሁ። ችግሩ ከሰዓት ነው። ዳገት ነው፤ ፀሐይ ነው። ወርጄ ሁለት መቶ ሜትር ያህል እገፋለሁ። የሲሪንቃ ሰው መጀመሪያ ቤንዚን ጨርሳ ነው አለ፤ እየሮጠ ያግዘኛል። በሳምንቱ ይህቺ መምህርት ሁልጊዜ እዚሁ ቦታ ነው እንዴ ቤንዚን የምትጨርሰው ማለት ጀመረ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም። የኋላ ኋላ ያወቁ መሰለኝ፤ መሳቁ ቀረ። ማገዙ ግን አልቀረም።

ከቤቱ ርቄ ሳስነሳው ያ ደስታ ይመጣል። በሁለት መቶ ሜትር ልዩነት ሁለት ዓይነት ሰው እሆን ነበር፤ እዚህ በለቅሶ ቤት ደጅ እንደሚያልፍ ሰው እርምጃዬን ቀስ አድርጌ፣ እዚያ ማዶ ደግሞ እያንጎራጎርኩ። የትኛዋ እውነተኛዋ እኔ እንደሆነች ብዙ ቀን አሰብኩ። በመጨረሻ ሁለቱንም መሆን ለመድኩ።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ወር ያህል ሄደ። አንድ ቀን ከሰዓት እየገፋሁ ሳልፍ እናትየው ከግቢያቸው ወጥተው መንገዱ ላይ ቆሙ። ላብ በላብ ሆኛለሁ።

«ነይ እስቲ፣ ቁሚ» አሉኝ።

ቆምኩ።

«ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ ተቀምጬ እጠብቅሻለሁ። ጎማው ሲሄድ እሰማለሁ፤ ሰንሰለቱን እሰማለሁ። ትንፋሽሽንም እሰማለሁ። መርዶ ይዞ እንደመጣ ሰው ተደብቀሽ ስታልፊ ባሰብኝ። የለመንኩሽ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አስነሺው።»

«እዚህ?»

«እዚሁ።»

አስነሳሁት። እጃቸውን መቀመጫው ላይ አሳረፉ፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ እጃቸው አብሮ ይንቀጠቀጣል። አላለቀሱም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። «አብሽሪ» አሉኝ፣ እሳቸው እኔን። ትንሽ ቆይተው «በይ፣ እናትሽ ትጠብቅሻለች» ብለው ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳላጠፋ አለፍኩ። አንዳንድ ቀን በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ እጄን አነሳላቸዋለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ጦርነቱ ተመለሰ። ከቆቦ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ መሰማት ጀመረ፤ በሁለተኛው ቀን ወልድያ ፍራሽ እየተሸከመች ወደ ደቡብ መውጣት ጀመረች። እናቴን «እንሂድ» ስላት ቆላ አልወርድም የሚለውን ነገር አላነሳችም። ከኋላዬ አስቀምጬ፣ ወገቧን ከወገቤ ጋር በነጠላ አስሬ፣ የማይታዘዘውን እግሯን በጨርቅ ከእግር ማሳረፊያው ጋር አሰርኩት። አገጯን ትከሻዬ ላይ አሳርፋ «በስመ አብ» አለች።

መንገዱ በሰው ሞልቶ ነበር። ዝናብ ያካፋል። አህያ፣ ጋሪ፣ አልጋ የተሸከሙ ወንዶች። ከከተማ እንደወጣን አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ዞራ አየችኝ። ከኋላዬ እናቴ ታስራለች፤ ቦታ የለኝም። አለፍኳት። ዛሬም ሞተር ላይ ብቻዬን ስሆን ከኋላዬ ያለው ባዶ ቦታ የሚከብደኝ ቀን አለ።

ሲሪንቃ ቤት ስንደርስ ባልና ሚስቱ አልተነሱም ነበር። «ባለፈው ልጃችን ወጥቶ ቀረ፤ እኛ ከዚህ አንወጣም» አሉ አባትየው። «እናንተም እዚሁ ሁኑ። የመጣ ቢመጣ አብረን ነው።» እናቴን ተሸክመው ያስገቧት እሳቸው ናቸው፤ የልጃቸው አልጋ ላይ አስተኟት።

እኔ ያቺን ሴት ፍለጋ ተመለስኩ። አላገኘኋትም። በምትኩ መንገድ ዳር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አገኘሁና ጭኜ ሲሪንቃ አወረድኩ። ሁለተኛ ጊዜ ስመለስ አንዲት እግሯ የተሰበረ ሴት አወረድኩ። ሦስተኛ ጊዜ ስሞክር ቤንዚኑ አለቀ፤ በዚህ ጊዜ የምር ነበር። እየገፋሁ ገባሁ፤ አባትየውም ሞተሩን ተቀብለው አገዳ ውስጥ ከተቱት።

እዚያ ቤት ሳምንት ተቀመጥን። ሁለቱ እናቶች ቀኑን ሙሉ ጎን ለጎን ናቸው። እናቴ እጇ ስለማይታዘዝ ሴትዮዋ ፀጉሯን ይሠሯታል፤ እናቴ ደግሞ በደህና እጇ ጥጥ ታፍታታላቸዋለች። እኛ እስክንሄድ ድረስ በዚያ ቤት ሥጋ አልተሠራም፤ ሽሮና ጎመን ብቻ ነበር። በሙስሊም እጅ የታረደ ሥጋ ሲቀርብላት ክርስቲያኗ እናቴ እንዳትሳቀቅ ብለው እንደሆነ ገባኝ እንጂ ማንም አልተናገረውም። አንድ ቀን እናቴ ስለ ልጁ ጠየቀቻቸው። እኔ ወጣሁ። ስመለስ ሴትዮዋ ሲያወሩ፣ ሲስቁም ሰማሁ፤ ገና ሞተሩን እንደገዛ የጎረቤት ቆጥ ውስጥ እንዴት እንደገባ እየነገሯት ነበር።

የተኩሱ ድምፅ ወደ ወልድያ ሳይገባ ራቀ። ቤታችን ተመለስን። ከወራት በኋላ ስምምነት መፈረሙ ተሰማ፤ ቢሮዎችም አንድ በአንድ ተከፈቱ። የሞተሩን ስም ለማዞር ስሄድ ጸሐፊዋ ባለቤቱ ራሱ ይቅረብ አለች። መሞቱን ነገርኳት። እንግዲያው የሞት ምስክር ወረቀትና የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል አለች።

ይህን ለአባትየው መንገር ከበደኝ፤ ሲሪንቃ ሄጄ ግን ነገርኳቸው። እሳቸው ሚስታቸውን አዩ። አንድ ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት «ሞተ» የሚለው ቃል በወረቀት ሰፍሮ አያውቅም ነበር፤ የመንግሥት እርዳታ ለመመዝገብ የመጡትንም መልሰዋቸዋል። ሴትዮዋ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቆዩና «ይጻፍ» አሉ። «ስሙ በትክክል ይጻፍ። ‹ሐ›ው ሐመሩ ሐ ነው።»

ወሳኝ ኩነት፣ ሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ ሦስት ምስክር፤ ሁሉንም አብሬያቸው ዞርኩ። አያ አንዱ ምስክር ነበሩ። በመጨረሻው ቀን ሊብሬው በስሜ ሲወጣ አባትየው አንድ ጊዜ አገላብጠው አይተው መለሱልኝ። ምሳ በላን። ቤትዎ በሞተር ላድርስዎ ስላቸው አመነቱ፤ ልጃቸው በሕይወት ሳለ ተቀምጠውበት እንደማያውቁ ነገሩኝ። «ይሮጣል እያልኩ ሁልጊዜ እቆጣው ነበር» አሉ።

ጋቢያቸውን አጣጥፈው ከኋላዬ ተቀመጡ፤ ትከሻዬን ለመያዝ አፍረው የመቀመጫውን ብረት ያዙ። እንዳይፈሩ ብዬ ከወልድያ ቁልቁል በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬን እየነካካሁ ወረድኩ። ማሽላው ግራና ቀኝ ደርሶ ነበር። ከከተማው ወጥተን መንገዱ ቀጥ ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ የታመመ ነው እንዴ የምታወርጂው? እስቲ ትንሽ ጨምሪ።»

ጨመርኩ።